«ጋቢና አስቀምጧት»

ባለፈው ሳምንት ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነው።

«አባቴ፣ አበባ ይዤልዎት መጥቼ ሰፈሩ ጠፋብኝ» አለኝ አንድ የባጃጅ ሾፌር።

«ምን ይዤ አልክ?»

«አበባ ነዋ! ትኩስ አበባ። ከአበባ ቤቱ ታዝዞልዎት ነው። በርዎ ድረስ አመጣዋለሁ፤ በየት በኩል ልግባ?»

ሳቅ ያዘኝ። ያውም በዋዛ የማይለቅ ሳቅ። ሰውየው ደንግጦ «አባቴ፣ ደኅና ነዎት?» እስኪል ድረስ ሳቅሁበት። ምን ያድርግ፣ አያውቅማ! ደብረ ታቦር ላይ ሆኖ ከሩቅ አገር አበባ ለማዘዝ የመጀመሪያው ሰው እኔ ሳልሆን አልቀርም። ያዘዝኩት ሌላ፣ የመጣልኝ ሌላ ሆነ እንጂ። ለሾፌሩ መንገዱን ነገርኩትና እስኪደርስ በረንዳው ላይ ተቀምጬ ያችን ቅዳሜ ማስታወስ ያዝኩ።

ያኔ የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ ነኝ። እዚሁ ከተማ ማስተማር ከጀመርኩ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ ጥሩዬ ናት፤ እኔ ግን እታለም ነው የምላት። እናታችን ስትሞት እኔ ፊደል አልጨረስኩም ነበር። እታለም የራሷን ትምህርት አቁማ ሹራብ መሥራት ያዘች። ከጉና የሚወርደው ብርድ ባለበት አገር ሹራብ ገበያ አያጣም። እኔ ሳጠና እሷ አጠገቤ ተቀምጣ ትሠራለች፤ የመርፌዎቹ ቅጭልጭልታ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ስንቱ ለጋብቻ ጠየቃት መሰላችሁ! «ይርጋ ትምህርቱን ይጨርስ» እያለች ሁሉንም መለሰች። ይርጋ እንግዲህ እኔ ነኝ። እኔ ጨርሼ ሥራ ከያዝኩ በኋላ፣ እሷ ሠላሳ አምስት ሲሞላት፣ አንድ ደግ የወረታ ሰው ሽማግሌ ላከና እሺ አለች።

ሠርጉ ጥምቀት ባለፈ በመጀመሪያው እሁድ እንዲሆን ተቆረጠ። አንድ ቀን «እታለም፣ ከእኔ ምን ትፈልጊያለሽ?» አልኳት። በሕይወቷ ይህን አድርግልኝ ብላኝ አታውቅም። ሹራቧን ጭኗ ላይ አስቀምጣ አሰበችና አፍራ ሳቀች።

«እንዳትስቅብኝ እንግዲህ። የሚሸት አበባ ብይዝ ደስ ይለኛል።»

«የሚሸት?»

«የጓደኛዬ ሚዜ ሆኜ ያን የፕላስቲክ አበባ ይዤ የቆምኩ ጊዜ፣ ቀኑን ሙሉ አቧራ አቧራ ሲሸተኝ ዋለ። በእኔ ቀን የሚሸት ነገር ብይዝ ብዬ ነው። ካልሆነም ግድ የለም።»

ይህች «ካልሆነም ግድ የለም» አንጀቴን በላችው። «ይሆናል! ከባሕር ዳር ድረስ አስመጣልሻለሁ!» አልኩ። ብዬም አልቀረሁ፣ ለጎረቤት ሁሉ አወራሁ። አፌ ወሬ አይችልም፤ ዛሬም አልተሻለኝ።

ያን ጊዜ በከተማችን የሙሽራ አበባ ማለት ሐጂ ሰይድ ሱቅ ውስጥ ከጣሪያው ሥር የተንጠለጠለው ፕላስቲክ ነው። ሙሽራ ሁሉ እሱን ይዛ ነው የምትዳረው። ባሕር ዳር ግን ሐይቁ ዳር አትክልት ያላቸው እትዬ ዘውዴ የሚባሉ ሴት ለሠርግ አበባ እንደሚያዘጋጁ ሰማሁና የስልክ ቁጥራቸውን አፈላልጌ አገኘሁ። ሠርጉ እሁድ ሊሆን ሐሙስ ዕለት ስልክ ቤት ሄጄ ተራ ያዝኩ። «ባሕር ዳር፣ ሁለት ቁጥር!» ሲባል ሮጬ የስልኩ ክፍል ገባሁ። መስመሩ ውስጥ የሚንጫጫው ነገር ብዛቱ! እኔም በጩኸት ልበልጠው ቆረጥኩ።

«ይርጋ እባላለሁ፣ ከደብረ ታቦር! አበባ እፈልጋለሁ! ለእህቴ ሠርግ! ቅዳሜ በአውቶቡስ ላኩልኝ!»

«አበባን?» አሉ እትዬ ዘውዴ ከሩቅ።

«አዎን፣ አበባን!»

«ብቻዋን?»

ያለ ማስቀመጫ ማለታቸው መሰለኝ። «ብቻዋን! ሌላ ምንም አልፈልግም!»

«ታዲያ ማን ይቀበላታል?»

«እኔው ራሴ! ውኃ ይዤ መናኸሪያ እጠብቃታለሁ! ደግሞ አደራ፣ መንገድ እንዳይጎዳት! ጋቢና አስቀምጧት፣ ፀሐይ እንዳይመታት!»

«ተባረክ! እንዲህ የሚያስብ ሰውም አለ?» አሉ። መስመሩ ተቋረጠ።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። እኛ የወደድነውን ነገር ሁሉ እንደ ሴት ነው የምንጠራው። ሬዲዮኗ፣ ቤቷ፣ ጋቢዋ እንላለን። እህቴ የተመኘችውን አበባ «አስቀምጡት» ብሎ መጥራት ለአፌ ደረቅ ሆነብኝ። ጉድ የሠራኝ ይኸው ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ባልዲ ሙሉ ውኃ ይዤ መናኸሪያ ቆምኩ። የሚያልፈው ሁሉ እኔንና ባልዲዬን እያየ ይስቃል። አንዱማ «ምነው መምህር፣ አውቶቡሱ እየነደደ ነው እንዴ?» አለኝ። እኔ ግን ባልዲዬን በኩራት ከፍ አድርጌ ያዝኩ።

አውቶቡሱ የዓለም በርን ዳገት ወጥቶ፣ አቧራ ለብሶ ገባ። የጋቢናው በር ተከፈተና አንዲት ወጣት ዘንቢል ይዛ ወረደች። ግራ ቀኝ አየች። ባልዲዬን ስታይ ፊቷ በራ፤ በቀጥታ ወደ እኔ መጣች።

«አቶ ይርጋ እርስዎ ነዎት? እትዬ ዘውዴ ውኃ ይዘው ይጠብቁሻል ሲሉኝ አላመንኩም ነበር። እግዜር ይስጥልኝ!» አለችና ዘንቢሏን አስይዛኝ፣ ጎንበስ ብላ በባልዲዬ ውኃ ፊቷንና አንገቷን በደንብ አድርጋ ታጠበች።

ዘንቢሉ ውስጥ አጮልቄ አየሁ። መቀስ፣ ክር፣ ነጭ ሪባን፤ ሌላ የለም።

«አበባስ?» አልኳት።

«አቤት!»

«አበባ የታለች?»

«ይኸው መጣሁ እኮ!» አለች፣ ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ እያደረቀች።

እንዲህ ስንባባል ስንት ጊዜ እንደቆየን እንጃ። በመጨረሻ ነገሩ ተገለጠልኝ። አበባ ስሟ ነው። እትዬ ዘውዴ ዘንድ የሙሽራ አበባ የምታስረው እሷ ናት። እትዬ ዘውዴ «አበባው እዚያው ተዘጋጅቷል፤ የፈለጉት የሚያስርላቸው ሰው ነው» ብለው ነው የላኳት። የዕለቱ አውቶቡስ እሷ የመጣችበት ነው፤ የእሁዱ እስኪደርስ ሠርጉ ያልቃል። የመናኸሪያው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። አላፍርም፣ እንባዬ መጣ። እታለም በዕድሜዋ አንድ ነገር ጠየቀችኝ፤ እሱንም አጣሁላት።

አበባ መጀመሪያ ተናደደች፤ ቀጥሎ ደግሞ ሳቋ አመለጣት። «ለካ ለዚህ ነው! ሾፌሩ እኮ መስኮቱን በጋዜጣ ሸፍኖ 'ፀሐይ እንዳይመታት ተብያለሁ' እያለ፣ እስከዚህ ድረስ አንድ ዛፍ ሳላይ መጣሁ!»

እያለቀስኩ ሳቅሁ። እሷም «እርስዎ» ማለቱን እዚያው ተወችው። «ተነሥ በል። እዚህ ከተማ ውስጥ የሚሸት አበባ ያለው ማን ነው?»

አንድ ሰው ነበር፤ ከሰው ሁሉ ደግሞ ሐጂ ሰይድ! የግቢያቸው ጽጌረዳ አጥሩን አልፎ መንገድ ላይ ይታያል። እኔ ግን ሳምንቱን ሙሉ ፕላስቲካቸውን ሳጣጥል ነው የከረምኩት። እያፈርኩ ሱቃቸው ገባሁ።

«መምህር! ከባሕር ዳር የመጣው አበባ የታል?» አሉኝ ገና እንዳዩኝ። ከተማው ሁሉ ሰምቷል መቼም።

«ይቺ ናት» አልኳቸው፣ አበባን እያሳየሁ።

ነገሩን ስነግራቸው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «ፕላስቲክ ከሚሸጥ ሰው ዘንድ ትኩስ ልትለምን መጣህ?»

«ምን ላድርግ ሐጂ፣ አፌ ነው የጣለኝ። አንቱ ካልደረሱልኝ አለቀልኝ።»

ኮታቸውን ገለጥ አድርገው ከሥሩ የለበሱትን ግራጫ ሹራብ አሳዩኝ። «ለአንተ ቢሆን አንዲት ቅጠል አልሰጥህም ነበር። ይህን የሠራችልኝ ጥሩዬ ናት። ስንት ብርድ ከልክላልኛለች!» አሉና ሱቁን ዘግተው ወደ ቤታቸው ወሰዱን። ባለቤታቸውን አስፈቀዱ፤ ለእያንዳንዷ ጽጌረዳ «ቢስሚላህ» እያሉ ራሳቸው ዘጠኝ ቆረጡልን። ሽታው ግቢውን ሞላው።

አበባ ግን አልበቃትም። «ከሥር የሚንጠለጠል ነገር ይፈልጋል» እያለች በጋፋት መንገድ ይዛኝ ሄደች። ድንገት ቆማ ጮኸች።

«ያ ምንድን ነው? ያ ዘለላ ዘለላ እየሆነ የተንጠለጠለው ቀዩ?»

«እሱን ተይው።»

«ለምን?»

«ኮሶ ነው!»

የባሕር ዳር ልጅ ናት፤ ኮሶን ደርቆ ገበያ ላይ እንጂ ዛፉ ላይ አብቦ አይታው አታውቅም። «ለሆድ ትል የሚጠጣው? ታዲያ ሙሽራዋ ልትጠጣው ነው እንዴ? ውጣና ቁረጥ!» አለችኝ። ወጣሁ። ለሠርጉ ያዘጋጀሁት ሱሪ እዚያ ዛፍ ላይ ተቀደደ።

እሁድ ጠዋት አበባ ያሰረችውን ይዛ እታለም ወደምትለብስበት ክፍል ገባች፤ እኔም ተከትያት በሩ ላይ ቆምኩ። ጽጌረዳዎቹ መሐል ላይ፣ የኮሶው ዘለላ ዙሪያውን ወርዶ፣ በነጭ ሪባን ታስሯል። ያን የመሰለ ነገር አይቼ አላውቅም። አክስታችን ግን እሪ አሉ።

«በስመ አብ! ኮሶ በሙሽራ እጅ? ትዳሯ እንዲመርር ነው?»

እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እታለም አበባውን ተቀበለች፤ አፍንጫዋን ጽጌረዳዎቹ ውስጥ ቀብራ ዓይኗን ጨፈነች። ብዙ ቆየች።

«ይሸታል» አለች። ዓይኗ እንባ ሞልቷል። ከዚያ ወደ አክስታችን ዞር አለች። «መራራውን ከወዲሁ በእጄ ይዤ ከወጣሁ፣ ቤቴ ስገባ የሚጠብቀኝ ጣፋጩ ብቻ ነዋ፣ አክስቴ!»

እልልታው ቀለጠ። ከሁሉ አብልጠው እልል ያሉትም አክስታችን ነበሩ።

ሰኞ አበባን መናኸሪያ ሸኘኋት። ሾፌሩን «ጋቢና አስቀምጣት፤ ጋዜጣውን ግን አንሣው፣ መንገዱን ትይ» አልኩት። መስኮቱ ሥር ቆሜ ብዙ ላወራ አስቤ አንድ ቃል ጠፋኝ። ወሬኛው እኔ! ዓመት ሳይሞላ ግን ሽማግሌ ላክሁ፤ ሐጂ ሰይድም አብረው ሄዱልኝ።

ባጃጁ እዚህ ሐሳብ ላይ እያለሁ ደረሰ። ሰውየው በላስቲክ የተጠቀለለ አበባ ሰጠኝና ሄደ። ላዩ ላይ ወረቀት አለበት፤ እታለም ወረታ ሆና ለልጅ ልጇ ያስጻፈችው ነው። በቅርቡ ስንደዋወል «ከተማችን ቤት ድረስ የሚያመጣ አበባ ቤት ተከፈተ» ብላት «አታላግጥብኝ» ብላ ዘግታብኝ ነበር። ጉልበቷን ስለሚያማት መጥታ ማየት አልቻለችም፤ አዝዛ ፈተነችው። ወረቀቱ እንዲህ ይላል። «ይርጋ፣ ይህኛው ሰው አይደለም። ኮሶም የለበትም። አሽትተህ ንገረኝ።»

አበባ ከጓሮ እጇን አፈር አስነክታ መጣች። ገና ስታየው «ማነው እንዲህ አድርጎ ያሰረው?» አለችና ላስቲኩን ገፍፋ፣ ፈትታ እንደገና ማሰር ጀመረች። እጇ ዛሬም ፈጣን ነው። ዝም ብዬ አየኋት። ያን ጊዜ የጠየቀችው እታለም ነበረች፤ የተሰጠው ግን ለእኔ ነው። ይህን ለእህቴ አንድም ቀን በቃሌ ነግሬያት አላውቅም።

ደወልኩላት። ስልኩን ከማንሳቷ «አበባዋ ደረሰች?» አለች።

«ደርሳለች እታለም፤ ይኸው አጠገቤ ናት። የላክሽልኝ አንቺ ነሽ፤ እግዜር ይስጥልኝ።»

ገብቷታል።

«በል ቶሎ ውኃ ስጣት» አለችኝ፣ እየሳቀች።

እኔም ባልዲ ፍለጋ ተነሣሁ።