ሰባት ቤት ሲቆጠር

ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ሰቆጣ እቤቴ ቁጭ ብዬ ልጆቼን ማስተማር ጀመርኩ። ታሪክን ከገዛ ዘራቸው ልጀምርላቸው ብዬ አባቴን ጠራሁ። ቄስ ናቸው። በእኛ ሰፈር ሊጋባ ያሰበ ሁሉ ዝምድናውን የሚያስቆጥረው እሳቸው ዘንድ ነው፤ ከሰባት ቤት በታች የሚዛመዱ አይጋቡም።

እኔንም ያስቀሩኝ በዚሁ ነው። የምወደው ሰው ሽማግሌ ሲልክ፣ «ከገዛ አባቴ ወደ ላይ ሲቆጠር አምስተኛው ቤት ላይ ከጽጽቃ የመጡ ሰው አሉ፤ የእሱም ዘር ከእሳቸው ነው። ወንድምሽ ነው» አሉኝ። የቄስን ቆጠራ ማን ይጠረጥራል? አልቅሼ ተውኩት።

አሁን አባቴ የእኔን አያት፣ የገዛ አባታቸውን፣ አንድ ብለው ለልጆቼ ወደ ላይ ቆጠሩላቸው። አምስተኛው የሰቆጣ ሰው ሆኑ። ስድስተኛውም፣ ሰባተኛውም።

«አባባ፣ እኚያ የጽጽቃውስ?» አልኳቸው።

እጃቸው መስቀላቸው ላይ ቀረ። «ያ የጠየቀሽ ልጅ ምንም አልነበረውም። ላንቺው ብዬ ነው» አሉና ወደ ልጆቼ ዞሩ። «በሉ፣ ድገሙት።»

ከቤቴ ይውጡ ልል አፌን ስከፍት ልጆቼ ቀደሙኝ። ሰባቱንም ቤት አንድም ሳይስቱ ቆጠሩት፤ እኔን ከዚያ ሰው የለዩኝ የጽጽቃው ሰው በአንዱም ቤት የሉም።