ዕጣ አይለወጥም

ደባርቅ ቤት ያከራዩኝ ባልቴት ነበሩ። ሒሳብ አስተምሬ ስመለስ ሦስት ኩባያ ደፍቼ በአንዱ ሥር ባቄላ እደብቃለሁ። እሳቸው አንዱን ይመርጣሉ፤ እኔ ከቀሩት ባዶውን አነሣና፣ «አሁን ይለውጡ» እላለሁ።

«ዕጣ አንዴ ከወጣ አይለወጥም፣ ልጄ።»

የጽዋ ማኅበር ዕጣ አስመሰሉት። እኔ ደግሞ እናደዳለሁ። «መጀመሪያ የነኩት ከሦስት አንድ ዕድል ነው ያለው። ባቄላው ያለበትን እያወቅሁ ባዶውን ስከፍትልዎ፣ የሁለቱ ዕድል በቀረው ላይ ያርፋል» ብል አይሰሙኝም።

ክረምት ሲወጣ ሴት ልጃቸው መጥታ ከእሷ ጋር እንዲኖሩ ወደ አዲ አርቃይ ወሰደቻቸው። መኪናው ውስጥ ሆነው፣ «‹ይለውጡ› ስትለኝ አልከረምህም? ይኸው ለወጥሁ» አሉኝ።

ዛሬ ኩባያዎቹን ደፋሁ። ለብቻ አይሆንም፤ ባቄላው የት እንዳለ አውቃለሁ።