ለገና ኬክ የተከፈተው ካቲካላ

ዛሬ ቶተንሃም፣ ኩሽናዬ ውስጥ፣ ለገና ኬክ ዘቢብ ልዘፈዝፍ የሩም ጠርሙስ ስከፍት ሽታው ሃርልስደን ወደነበረው የልጅነት ቤታችን ወሰደኝ።

አንድ ዓመት ገና ሲቃረብ ጃማይካዊቷ ጎረቤታችን ሚስ ፐርል ለእናቴ የኬኩን አሠራር ሊያሳዩአት ሩም ይዘው መጡ። እናቴ ግን ከቁም ሳጥኑ ካቲካላ አወጣች። አባቴ ቪዛ አግኝቶ ከአዲስ አበባ ሲመጣ ሊከፈት የተቀመጠ ነበር።

ሚስ ፐርል ሁለቱንም አሸተቱ። ካቲካላው ዓይናቸውን አስነባቸው።

"ይሄኛው ኬኩን ለወራት ያቆየዋል" አሉ። "ግን ለባልሽ ያስቀመጥሽው አይደለም እንዴ?"

"ጠርሙሱን ባየሁት ቁጥር ሆድ ይብሰኛል" አለች እናቴ። "ኬኩ ይጠብቀው።"

ኬክ ሰውን እንዴት እንደሚጠብቅ አልገባኝም። በየሳምንቱ ካቲካላ በማንኪያ ስታጠጣው ግን አጠገቧ ቆሜ አይ ነበር።

አባቴ የደረሰው ገና አልፎ፣ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ነው። አንድ ቁራሽ ቀምሶ እናቴን አያት።

"ካቲካላ ይጠጣል እንጂ ይበላል እንዴ?" አለ፤ ሌላ ቁራሽ ግን ጠየቀ። እናቴ እንደዚያ ቀን ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

አባቴ አሁን አርጅቶ ሳሎኔ ተቀምጧል።

"ምንድነው የሚሸተኝ?" አለኝ።

"ሩም ነው፣ አባዬ።"

"በርከት አድርጊው።"