ልብስ ሰፊው ሸዕባንና የባትሪ ሞተሩ

ሸዕባን ላሊበላ ሲመጣ ገና ጢም አላበቀለም ነበር። የተወለደው ቆላ፣ ከዋናው መንገድ ዳር ባለች ትንሽ ከተማ ነው። በልጅነቱ የያዘው በሽታ ቀኝ እግሩን አቅጥኖ ስላስቀረው፣ እርሻውም ንግዱም አይሆነውም ብለው ወላጆቹ ልብስ ስፌት እንዲማር አጎቱ አብዱልሀሚድ ዘንድ ሰደዱት። አጎቱ ገበያው አጠገብ ለካህናቱ ካባና ቀሚስ የሚሰፋ፣ እጁ የተመሰከረለት እስላም ነበር። ሸዕባን በግራ እግሩ ብቻ የስፌት መኪናውን መርገጥ ለመደ፤ ሙያውንም ያዘ። አጎቱ ሲሞት ሱቁም፣ ላይኛው ሰፈር ያለችው የኪራይ ቤትም ለእሱ ቀሩ።

ሚስት አግብቶ ነበር፤ ዙልፋ ትባላለች። ደጋው አልስማማት አለ። ብርዱንም ዳገቱንም ጠላች፤ አንድ ክረምት ወደ እናቷ ቤት እንደወረደች በዚያው ቀረች። በፀብ አልተለያዩም። እንዲያውም ተጣልተን ቢሆን ይሻል ነበር ይላል ሸዕባን፤ የተጣላ ሰው ቢያንስ የሚታረቅበት ነገር አለው።

ከቤቱ እስከ ሱቁ ያለው መንገድ ለጤነኛ ሰው ምንም አይደለም። ለእሱ ግን ጠዋት ቁልቁለቱ ጉልበት ያንቀጠቅጣል፣ ማታ ዳገቱ ነፍስ ያወጣል። ባጃጅ እንዳይዝ፣ ቤንዚን ሲጠፋ ባጃጁም አብሮ ይጠፋል፤ ሲገኝም ያንን የተቦረቦረ የድንጋይ ዳገት ደፍሮ የሚወጣ የለም። ስለዚህ ከዘራውን ተደግፎ በእግሩ ይሄድ ነበር።

ብቻውን ግን አልነበረም። ከቤቱ ዝቅ ብሎ ካለው መታጠፊያ ላይ ወደ ቤተ ክርስቲያናቸው የሚወርዱት የቅኔ መምህር መሪጌታ ሰይፈ ሥላሴ ቆመው ይጠብቁታል። አገሩ ሁሉ «የኔታ» ይላቸዋል። ዕድሜ ጉልበታቸውን ይዞታልና እሳቸውን ቆሞ የሚጠብቅ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም «እንደምን አደሩ» ብሎ ትቷቸው ያልፋል። የየኔታ እርጅናና የሸዕባን እግር ግን እርምጃቸው አንድ ነበር። ጠዋት አብረው ይወርዳሉ፣ ወደ ማታ አብረው ይወጣሉ። መንገዱ አጋማሽ ላይ ካለው ወይራ ሥር ሲደርሱ ያለ ምንም ንግግር ሁለቱም ይቆማሉ፤ ማን ደክሞት እንደቆመ አይታወቅም።

በመንገድ ላይ የኔታ ተማሪዎቻቸው የዘረፉትን ቅኔ በአማርኛ ፈትተው ሰሙን ይነግሩታል። «ወርቁን አንተ ፈልገው» ይሉታል። ሸዕባን ቀኑን ሙሉ መኪናው ላይ አቀርቅሮ ሲፈልግ ይውላል፤ ማታ ያገኘውን ያቀርባል። አብዛኛውን ጊዜ ይስታል። ሲስት የኔታ ከትከት ብለው ይስቃሉ፤ ሲያገኝ ደግሞ መንገድ መሐል ቆመው፣ «ይህ እስላም ጉድ አደረገኝ!» ብለው ከዘራቸውን በድንጋዩ ላይ ይመቱታል። ሻይ የምትሸጠው አለሜ ገና ከሩቅ ስታያቸው ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «ኤሊዎቹ ወረዱ! አሁን ውሃዬን ልጣድ» ትል ነበር። ሁለቱም አይቆጡም።

ሸዕባን ሙጂብ የሚባል ታናሽ ወንድም አለው፤ ደሴ ነጋዴ ነው። እናታቸው ከሞተች ወዲህ በአካል ተያይተው አያውቁም። መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት፣ ሲከፈት ደግሞ ሙጂብ ሥራ ሲበዛበት፣ ዒድ በመጣ ቁጥር «በቃ ለዚህኛው እመጣለሁ፣ ኢንሻ አላህ» እያለ ዓመታት አለፉ። ሸዕባንም በየዒዱ ቤቱን ጠርጎ፣ ለእንግዳ የሚሆን ፍራሽ አንጥፎ ይጠብቃል።

አንድ ዒድ ዋዜማ ሙጂብ ደወለ። «አይሱዙ መጥቶልሃል፤ ወርደህ ተቀበል» አለው። ሸዕባን ወንድሙ የመጣ መስሎት እየተንከባለለ ሊወርድ ምንም አልቀረው። ከአይሱዙው ላይ የወረደው ግን ካርቶን ነበር። ካርቶኑ ውስጥ ሰማያዊ የኤሌክትሪክ ስኩተር አለች፤ መቀመጫ ያላት፣ እግር የሚያርፍበት ጠፍጣፋ ወለል ያላት።

«አየሃት?» አለ ሙጂብ በስልክ። «ቤንዚን አትፈልግ፣ ምን አትፈልግ። ማታ ሶኬት ላይ ትሰካታለህ፣ ጠዋት ትነዳታለህ። እኔ ባልመጣም እግር ልኬልሃለሁ።»

«አላህ ይስጥልኝ» አለ ሸዕባን። ሌላ የሚለው ነገር ነበረው፤ ግን ስጦታ የላከን ሰው ምን ብለው ይወቅሱታል?

ስኩተሯን መልመድ አላስቸገረውም። በመጀመሪያው ጠዋት ያንን ቁልቁለት ሲወርድ ነፋሱ ፊቱን መታው፤ ዕድሜውን ሙሉ ሲቀድሙት የኖሩትን ሰዎች ቀደማቸው። ወላሂ፣ እንባው መጣ። ማታም ዳገቱን ቁጭ እንዳለ ወጣው። እግሩ ሳያብጥ፣ ጎኑን ሳይወጋው ቤቱ ገባ።

በዚያው በመጀመሪያው ጠዋት መታጠፊያው ላይ የኔታ እንደ ልማዳቸው ቆመው ነበር። ሸዕባን ፍሬን ያዘ።

«የኔታ፣ ከኋላዬ ይቀመጡ። በአንድ ትንፋሽ አደርስዎታለሁ።»

የኔታ ስኩተሯን ዞረው አዩዋት። «እንዲያው ድምፅም የላት?»

«የላትም። በባትሪ ናት።»

«በቅሎስ ብትሆን ስትቆጣ ትሰማታለህ። ይህችን ምን አምኜ እቀመጥባታለሁ?» ብለው ሳቁ። ከዚያ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። «ሂድ ልጄ። እግዜር እግር ሰጠህ፤ የተሰጠህን ተጠቀምበት። እኔ ቀስ እያልሁ እደርሳለሁ።»

ጥቂት ጊዜ በእሳቸው እርምጃ ልክ ሊነዳ ሞከረ። አልሆነም። ስኩተሯ ቀስ ስትል ትንገዳገዳለች፤ እሱ ደግሞ ወደ ቀኝ ስታዘነብል ተደግፎ የሚያቆማት እግር የለውም። አንድ ጠዋት የኔታ ላይ ሊወድቅ ለጥቂት ተረፈ። ከዚያ ወዲያ «እንደምን አደሩ የኔታ!» እያለ ያልፋቸው ጀመር፤ ልክ ሌላው ሰው እንደሚያልፋቸው።

ሱቁ ማንም ሳይመጣ ይደርሳል። ይከፍትና ባዶው ገበያ ላይ ዓይኑን ጥሎ ይቀመጣል። ማታም ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤቱ ይገባል። ድሮ መንገዱ የሚበላበት ጊዜ ሁሉ አሁን የራሱ ሆኖ ቁጭ አለ፤ ምን እንደሚያደርግበት ግን አላወቀም። ስኩተሯን ይሰካል፤ ቀዩ መብራት አረንጓዴ እስኪሆን ያያል።

በመንገዱም ላይ ሌላ ነገር መጣ። ዓይኑ ከጥርብ ድንጋዩ፣ እጁ ከፍሬኑ ስለማይነሳ ሰላምታ አይሰጥም፤ ሲሰጡትም አይሰማም። ድምፅ የሌላት ስኩተር ከኋላቸው ድንገት ስትደርስባቸው ሴቶቹ ይደነግጣሉ። አለሜ አንድ ቀን ሱቁ ድረስ መጥታ፣ «ሸዕባን፣ ኮራህብን ይላሉ» አለችው።

«እኔ?»

«እኔ አላልሁም፤ ሰው ነው ያለው» አለችና ሄደች። እሷ ዘንድ ሻይ ከጠጣ ስንት ጊዜ እንደሆነው ያን ጊዜ አሰበው።

ክረምቱ ገባ። ከዕለታት በአንዱ የኔታ መታጠፊያው ላይ አልነበሩም። ዝናቡ ያዛቸው ብሎ አለፈ። በማግስቱም አልነበሩም። በደንብ ቢያስብበት ኖሮ ሰው ይጠይቅ ነበር፤ ግን ጭቃው ያንሸራትታል፣ ዓይኑ መሬት ላይ ነው፣ ያለ እሳቸው ማለፍንም ለምዶታል። እንዲህ እንዲህ እያለ ብዙ ጠዋት አለፈ።

ኋላ መብራት ጠፋ። የወደቀ ምሰሶ አለ ተባለ፤ ቀናት ሆኑት። ስኩተሯ ግድግዳ ተደግፋ ቀረች፤ ሸዕባንም ከዘራውን ከጥግ አነሳ። እግሩ መሄድ ረስቶ ነበር። መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ቆመና ወደ የኔታ ቤት አየ። ልቡ ደስ ብሎታል፤ እንደገና አብረው ሊወርዱ ነው። ቆየ፤ ማንም አልወጣም። ወደ በሩ ሄዶ አንኳኳ።

የከፈተችለት ስሜነሽ፣ ወገል ጤና ከተማ የተዳረችው የየኔታ ልጅ ነበረች። «አባቴ ወድቀው ዳሌያቸው ተጎድቷል» አለችው። «ክረምቱ እንደገባ ነው፤ ብቻቸውን ሲወርዱ ወይራው ዘንድ አንሸራተታቸው። አልሰማህም እንዴ? ሰው ሁሉ ጠይቋቸዋል።»

ሸዕባን አንገቱን ደፍቶ ገባ። የኔታ መደቡ ላይ ተጋድመው ነበር። ሲያዩት ፊታቸው በራ።

«መጣህ? ቁጭ በል፣ ቁጭ በል።»

«የኔታ፣ ወላሂ አልሰማሁም።»

«አውቃለሁ። ብትሰማ ኖሮ ትመጣ ነበር። ጠዋት ጠዋት ስታልፍ እሰማሃለሁ። ድምፅ የላትም ብለኸኝ ነበር፤ አላት። ጎማዋ ጠጠሩን ስትረግጠው ይሰማል። ይኸው ሸዕባን በሰላም ወረደ እላለሁ።»

ሸዕባንን ቢቆጡት ኖሮ ይቀለው ነበር። ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ አለ።

«ተው እንጂ» አሉ የኔታ። «አንተ ምን አጠፋህ? ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም ይላሉ፤ እኔም በጎልማሳነቴ ቅኔ ፍለጋ ስንቱን ሽማግሌ መንገድ ላይ ትቼ ሮጫለሁ። የእግር ነገር እንዲህ ነው፤ ሲገኝ ይሄዳል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ መብራት ከተመለሰም በኋላ፣ ሸዕባን በየማታው ይገባል። ቅኔ ይሰማል፣ ይስታል፣ ይሳቅበታል። ግን ስሜነሽ ቤቷንና ልጆቿን ትታ መኖር አልቻለችም። መስቀል ካለፈ በኋላ አባቷን ወደ ወገል ጤና ልትወስዳቸው ተቆረጠ። የኔታ አልተቃወሙም። አንድ ነገር ብቻ ለመኑ፤ ቤተ ክርስቲያናቸውን መሰናበት።

«ሰዎች በቃሬዛ ይሸከሙዎታል» አለች ስሜነሽ።

«ሳልሞት?» አሉ። ከዚያ ወደ ሸዕባን ዞሩ። «ያች ድምፅ የለሽ በቅሎህ ደህና ናት?»

በማግስቱ ጠዋት ስሜነሽና ሸዕባን ደግፈው ስኩተሯ ላይ አስቀመጧቸው። ሸዕባን አልተቀመጠም። መሪዋን ይዞ፣ በእሷው እየተደገፈ፣ ፍሬኑን በቀስታ እየለቀቀ ከጎናቸው አነከሰ። ስሜነሽ በማዶ በኩል ጀርባቸውን ይዛለች። የኔታ ነጭ ጥምጥማቸውን አሳምረው፣ ከዘራቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው፣ እንደ ንጉሥ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ሰው ከየደጁ እየወጣ እሳቸው መስቀል ይዘው የሚያልፉ ይመስል አንገቱን ሰበረ። ወይራው ሥር ሲደርሱ ሸዕባን ፍሬኑን ያዘ።

«ምነው፣ ደከመህ?» አሉ የኔታ።

«አይ፤ እርስዎ ደክመዎት እንደሁ ብዬ ነው።»

«እኔማ ተቀምጫለሁ» አሉና ሳቁ፤ ሳቁ ግን መሐል ላይ ተቆረጠ። ሸዕባን ፍሬኑን ለቀቀ።

ዲያቆናት ተቀብለው አስገቧቸው። ሸዕባን ውጭ፣ ከዓለቱ አፋፍ ላይ ከስኩተሯ ጋር ጠበቀ። የኔታ ሲወጡ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። ዳገቱን ሞተሯ አገዘቻቸው።

ወደ ወገል ጤና የሚሄደው መኪና በሦስተኛው ቀን መጣ። ሸዕባን የሰፋላቸውን አዲስ ካባ ጭናቸው ላይ አደረገላቸው፤ የኔታ ሁለት እጁን ይዘው በግዕዝ መረቁት። መኪናው አሸተን ማርያም ካለችበት ተራራ ግርጌ ታጥፎ እስኪሰወር ሸዕባን ቆሞ አየ። እሳቸው ዘንድ በስኩተሯ ሊደርስ ቢሞክር ባትሪዋ ግማሽ መንገድ እንኳ አታደርሰውም።

ዛሬ ሸዕባን ጠዋት ሲወርድ አለሜ ደጅ ስኩተሯን አቁሞ ሻይ ይጠጣል። ለሚያውቀው ሁሉ ቆሞ ሰላምታ ይሰጣል፤ ኮራ የሚለውም ቀርቷል። ሰዎች ግን ሰላም ብለውት በራሳቸው እርምጃ ይሄዳሉ፣ እሱም በራሱ። ከእሱ ጋር አብሮ የሚዘገይ ሰው በመንገዱ ላይ የለም።

አርብ አርብ ከጁምዓ በኋላ ወገል ጤና ይደውላል። ስሜነሽ ስልኩን አባቷ ጆሮ ላይ ታደርግላቸዋለች። የኔታ በስልክ አይሰሙም።

«ማነው?» ይላሉ።

«ሸዕባን ነኝ የኔታ!»

«ማን?»

«ሸዕባን! ልብስ ሰፊው!» ብሎ ይጮኻል፤ ገበያተኛው ዞሮ ያየዋል።

አንዳንዴ ይሰሙታል፤ ያን ጊዜ አንድ ቅኔ ጀምረው መሐል ላይ ይጠፋባቸዋል። አንዳንዴ ደግሞ አይሰሙም፤ ማንም ይሁን ማን ለደወለው ሰው ረጅም ምርቃት ይመርቃሉ። ሸዕባን ምርቃቱ እስኪያልቅ ስልኩን ጆሮው ላይ ይዞ፣ በእያንዳንዱ ማረፊያ «አሜን» ይላል።