የወገብ ክኒን

የላውንደሪዋ ልብስ ተኳሽ መወፈር የጀመረች ሰሞን ያላደነቃት አልነበረም። «ተመቸሽ» ይሏታል፤ «ትዳር ተስማማሽ» ይሏታል። ቀኑን ሙሉ ካውያ ይዛ ለምትቆም፣ ምሳዋን እንኳ ቆማ ለምትጎርስ ሴት ምቾቱ ከየት እንደመጣ የጠየቀ ግን የለም። ሰው የሚያየው ጉንጭ ነው።

ጉንጯና ሆዷ ተነፋ፤ እጅና እግሯ ግን እንደ ድሮው ቀጫጭን ቀሩ። የወር አበባዋም ጠባዩን ለወጠ። አንዳንዴ ሁለት ወር ይጠፋል፣ አንዳንዴ ይመጣና አልሄድም ይላል። በቀረ ቁጥር ባሏ አረገዘች ብሎ ይፈነድቃል፤ ሲመጣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። ልጅ ከእሱ ይልቅ የምትፈልገው እሷ ነበረች፤ ግን ማን ጠይቋት።

በመጨረሻ ሐኪም ዘንድ ሄደች። ሐኪሟ ወጣት ሴት ነች፤ ሆዷን አስገልጣ ቀላ ያሉትን ሸንተረሮች ካየች በኋላ «የምትወስጂው መድኃኒት አለ?» አለቻት።

«የለም።»

«ለሕመም የምትውጪውስ?»

«እሱማ የወገብ ክኒን ነው ዶክተር። የእህቴ ባል መድኃኒት ቤት አለው፣ እሱ ነው የሚሰጠኝ። ዓመት አለፈው። ካልዋጥኩት እኮ ካውያ አላነሳም።»

ከቦርሳዋ አውጥታ አሳየቻት። ሐኪሟ አገላብጣ አየችውና ፊቷ ጠቆረ።

«ያወፈረሽም፣ ወርሽን ያዛባውም ይሄ ሳይሆን አይቀርም። ደምሽን እናያለን። ግን በራስሽ እንዳታቆሚው፣ በድንገት ከተዉት ይጥላል። ቀስ እያልን እንቀንሰዋለን።»

«ልጅስ?»

«ብዙዎቹ ይስተካከልላቸዋል። ለአንቺ ግን ከአሁኑ ቃል አልገባልሽም።»

ከዚያ በቀጥታ ታላቅ እህቷ ቤት ሄደች። ተናዳለች፤ ቢሆንም መንገዱን ሙሉ ለእህቷ ባል ሰበብ ስትፈልግለት ነበር። ሳያውቅ ነው፣ አዝኖልኝ ነው፣ አንድ ቀን እንኳ ክፈይ ብሎኝ አያውቅም እያለች። ዘመድ ሁሉ «እንዲህ ያለ አማች ይብዛልን» ሲል ነው የኖረው።

እህቷ የሕፃን ልብስ እያጠበች ነበር። ሐኪሟ ያለችውን ስትነግራት እጇን ከሳሙናው ውሃ አወጣች።

«ውሸቷን ነው። እሱ ላንቺ ክፉ አያስብም።»

«ያውቅ ነበር ወይ፣ እትዬ?»

«እሱ በመድኃኒት አይቀልድም ስልሽ» አለች እህቷ ተቆጥታ። «እኔ ሚስቱ እንኳ ያኔ ወገቤን ሲቆርጠኝ ያንኑ ክኒን ብለምነው እምቢ ብሎኛል፤ ‹አንቺ ገና ትወልጃለሽ› ብሎ።»

ያለችውን የሰማችው ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው።