«መልሰህ ንገረኝ» ያሉን ሲስተር ብዙነሽ

ከሐኪም ክፍል ወጥታችሁ፣ ደጅ የሚጠብቃችሁ ሰው ምን እንደተባላችሁ ሲጠይቃችሁ መልስ አጥታችሁ ታውቃላችሁ? ውስጥ ሆናችሁ «እሺ፣ እሺ» ስትሉ ቆይታችሁ፣ በሩን ስትዘጉ ሁሉም ነገር ጠፍቶባችሁ? ቡራዩ አሸዋ ሜዳ ላይ ለዚህ ጭንቀት ይደርሱልን የነበሩት ሲስተር ብዙነሽ ባለፈው ሳምንት ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ይህን የምጽፈው በግቢያቸው ተከራይቼ የኖርኩ፣ ሳላስበውም ተማሪያቸው የሆንኩ የባዮሎጂ መምህር ነኝ።

ሲስተር ከጤና ጣቢያ ነርስነታቸው በጡረታ ሲወጡ በረንዳቸው ላይ አግዳሚ ወንበር አኖሩ። አዲስ አበባ ታክሞ የተመለሰ ሰው ከሚኒባስ እንደወረደ ወደዚያ ወንበር ይመጣ ነበር። እሳቸው መድኃኒት አያዙም፣ የሐኪምም ቃል አይሽሩም። የተባለውን ያፍታታሉ፤ ባለጉዳዩ በራሱ አነጋገር መልሶ ካልነገራቸው ግን አያሰናብቱትም።

የሱሉልታው ገበሬ ኦቦ ደበላ አንድ ቀን የደም ግፊታቸው «ክሮኒክ» መሆኑ ተነግሯቸው መጡ። ሲስተርም ክሮኒክ ማለት ለረጅም ጊዜ አብሮ የሚኖር፣ በክትትል የሚያዝ ሕመም መሆኑን፣ አኪዩት የሚባለው ደግሞ በድንገት የሚነሣው መሆኑን አስረዷቸው። ቀጥለው በኦሮምኛ «ዴቢሳ ናቲ ሂማ» አሉ፤ መልሰው ይንገሩኝ ማለታቸው ነበር።

ኦቦ ደበላ ወደ እኔ አየት አድርገው፣ «እንደዚህ ተከራይዎ ነዋ። ገብቷል፣ አይወጣም፤ ከጠበቁት ግን ቤት አያፈርስም» አሉ። ደህና ሲሆኑ ክኒኑን መተው ይችሉ እንደሆነም ጠየቁ።

«ተከራዩ ዝም አለ ብለው ጥበቃዎን ይተዋሉ?» አሏቸው ሲስተር።

እኔም ከአጠገባቸው ተቀምጬ ብዙ ተማርኩ። የምርመራ ውጤት ኔጌቲቭ ነው ሲባል የተፈለገው ነገር አልተገኘም ማለት ነው። ባዮፕሲ ደግሞ ከአካል ትንሽ ናሙና ወስዶ መመርመር እንጂ የካንሰር ሌላ ስሙ አይደለም። ዛሬ ክፍል ውስጥ ተማሪዎቼን መልሰው ሳይነግሩኝ አላልፋቸውም።

ዘንድሮ ሕመም ራሳቸው ላይ መጣ። ደክመው ስለነበር ውጤቱን ለመስማት የሄድነው ልጃቸው ሜሮንና እኔ ነን። ሐኪሙ ሁሉንም ከነገሩን በኋላ ሜሮን ኮሪደሩ ላይ ክንዴን ይዛ፣ ጨጓራ ነው እንበላት ብላ ለመነችኝ። አልፈረድኩባትም። በእኛ ዘንድ ውጤቱን ሁሉም ዘመድ ሰምቶት የሚያበቃው ታማሚው ሳይሰማ ነው።

ቤት ስንደርስ ሲስተር ከወንበራቸው ላይ ነበሩ። ሜሮን ጨጓራ ነው አለቻቸው። እሳቸው ሰሟትና ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

«መምህር፣ ሐኪሙ ያለውን አንተ መልሰህ ንገረኝ።»

ሜሮን አንገቷን ደፋች። እኔ ነገርኳቸው፦ «ሜታስታሲስ አሉ፤ ካንሰሩ ከተነሣበት ወደ ሌላ አካል ተዛምቷል። ሕክምናው ፓሊዬቲቭ ነው፤ በሽታውን ባያድንም ሥቃዩን ያስታግሳል፣ የቀረውን ጊዜ ደህና ያደርጋል።»

«ምንም አልቀነስክም» አሉኝ። ከዚያ ሜሮንን አጠገባቸው አስቀመጧት። «በሽታው የእኔ ነው። አውቄው ልሙት እንጂ እናንተን እየጠረጠርኩ አልሙት።»

ከዚያ በኋላ የወሰኑት ራሳቸው ናቸው። ቤታቸው ሆነው ማስታገሻቸውን እየወሰዱ፣ ሰበታ ያለችውን እህታቸውን አስጠርተው፣ እየሳቁም እያለቀሱም ሰነበቱ። ሜሮን ከቀብር መልስ፣ «ጨጓራ ብለን ብንቆይ ኖሮ እንዲህ አንሰነባበትም ነበር» አለችኝ።

እናንተም እስኪ ሞክሩት። ሐኪም ያልገባችሁን ቃል ሲናገር ትርጉሙን ጠይቁ፤ ከመነሣታችሁም በፊት የተረዳችሁትን በራሳችሁ አነጋገር መልሳችሁ ንገሩት። የተሳሳታችሁት ካለ እዚያው ይታረማል።

ሲስተር፣ ደህና ይሁኑ። አንቱ ያስተማሩኝን በራሴ አፍ መልሼ ነግሬያለሁ፤ እንግዲህ ያሰናብቱኝ።