ዶሮዋ የታቀፈችበት ጎማ

ክልሎች በተከለሉ በጥቂት ዓመት ውስጥ ቦንጋ ተመድቤ በአንድ መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል እሠራ ነበር። የመኪናችን የጭቃ ጎማዎች በጋውን የሚያሳልፉት እኔ በተከራየሁበት ቤት በረንዳ ላይ ነው። መጋዘናችን ያፈሳል፤ ጎማዎቹ ደግሞ በፊርማዬ ያሉ ናቸው። ስለዚህ በየዓመቱ ጭቃቸውን አጥቤ፣ አራቱን ከነቸርኬያቸው ደራርቤ፣ በማዳበሪያ ጆንያ ሸፍኜ ዝናብ እስኪመጣ እጠብቃቸዋለሁ። ጠዋት ውዳሴ ማርያም ልደግም ስቆም እንኳ ሐሳቤ እየሾለከ እነሱ ዘንድ ይሄዳል።

ያን ዓመት እህቴ ልትዳር ነው። ቤተሰቦቼ ደብረ ብርሃን ናቸው፤ ዐቢይ ጾም ከገባ ሠርግ የለም። ፈቃድ ወስጄ፣ ነጠላዬን አጥቤ፣ ወደ ጅማ በሚሄደው የመሥሪያ ቤቱ መኪና ልሳፈር ተዘጋጅቼ ስጠብቅ ሹፌራችን መጣ። ደካ ከሚባለው ገጠር ሲመለስ ዝናብ ይዞት መኪናው እስከ መስኮቱ ጭቃ ለብሷል።

"የጭቃ ጎማዎቹን አውጪልኝ። ያለነሱ ንቅንቅ አልልም።"

"ጋሼ፣ ገና በጋ እኮ ነው!"

"ለቦንጋ ሰማይ ንገሪው።"

ጆንያውን ገለጥኩት። ከላይኛው ጎማ ቸርኬ ውስጥ የአከራዬ ዶሮ ታቅፋ ተቀምጣለች። ገለባውን ማን እንዳነጠፈላት መጠየቅ አላስፈለገኝም። አከራዬ እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ ከኩሽና ወጡ።

"እንዳትነኳት! ሊፈለፈል ትንሽ ነው የቀረው።"

"እትዬ፣ ይሄ እኮ የመንግሥት ንብረት ነው!"

"እሷ ምን ታውቃለች ልጄ? አስፈርመሻት ነበር?"

ሹፌሩ ሳቀ። "ታዲያ በሦስት ጎማ ልንዳ እማማ?"

"አነዳድህን ላየ የምትበር ነው የሚመስለው፤ ጎማ ምን ያደርግልሃል?"

እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም። መኪናው ካልሄደ ከጅማ የሚነሳው አውቶቡስ ያመልጠኛል፤ እሱ ካመለጠኝ እህቴ ያለ እኔ ትዳራለች። "እሺ ምን ይሻላል?" አልኩ።

"ከጨለመባት ዝም ትላለች። ሸፍነሽ ከነገለባዋ አንሺያት" አሉ አከራዬ።

ጆንያውን ሳነሳ ጮኹብኝ። "ማዳበሪያ ይሸታል! ልታሳምሚያት ነው?" ዓይናቸው ትከሻዬ ላይ ያለው ነጠላ ላይ ነበር።

እመቤቴ ትዕግሥቱን ስጪኝ ብዬ ሰጠኋቸው። ዶሮዋ ለሠርግ በታጠበ ነጠላ ተሸፍና፣ ከነእንቁላሏ በካርቶን ወደ እኔ ክፍል ገባች። ሹፌሩ ጎማዎቹን ቀየረ። ነጠላዬን አራግፌ፣ ገለባውን ለቃቅሜ፣ ጋቢናው ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ።

ከጎጀብ ድልድይ ወዲያ መንገዱ ደረቅ ነበር። ጭቃ ቀርቶ ጠብታ አልነካውም። አቧራው በመስኮት ይግተለተላል።

"ጋሼ፣ ጭቃው የታለ?"

"ጸልየሽ አስቀረሽው መሰለኝ" አለ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል።

አውቶቡሱ ላይ እንደምደርስ ሳስበው ተመስገን አልኩ። አቧራውን ልከላከል ነጠላዬን ወደ አፍንጫዬ ሳብ አደረግኩት። ዶሮ ዶሮ ይሸታል።